ከቤት የሚወጣ ጉድፍና የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አፈር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ከአንድ ገበሬ ቤት ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ማሳው ዳርቻ የሚሄድ ሰው፣ ከእግሩ ሥር ያለው አፈር እየተለወጠ መሄዱን ለመረዳት የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልገውም። በቤቱ ዙሪያ ያለው የጓሮ መሬት ጥቁርና ልል ነው፤ ሲጨብጡት ይፍረከረካል፤ ጎመኑም ድንቹም እዚያ ይሠምራል። ከቤቱ እየራቁ በሄዱ ቁጥር አፈሩ እየሳሳ፣ መልኩ እየገረጣ፣ ድንጋዩ እየበዛ ይመጣል፤ በመጨረሻም ማረሻ የማይገፋው ጭንጫ ይሆናል። በጓሮውና በሩቁ ማሳ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት በአብዛኛው የፈጠረው ማለዳ ማለዳ ከቤት ተጠርጎ የሚወጣው ጉድፍ ነው። የምድጃው አመድ፣ የበረቱ ጥራጊ፣ የእህሉ ግርድ፣ የጠላው አተላ፣ የድንቹ ልጣጭ ከዓመት እስከ ዓመት በአንድ ቦታ በመጣሉ፣ በሰው እጅ የተሠራ ለም አፈር ተገኝቷል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ያ ጉድፍ ዛሬ ምን እንደ ሆነና አፈሩን ምን እያደረገው እንደሚገኝ ማስረዳት ነው። የነገሩ ፍሬ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ በትውልድ ልማድ አፈርን ሲመግብ የኖረው አጣጣል እንዳለ ሆኖ፣ የሚጣለው ነገር ግን ተለውጧል። በዚህም ምክንያት መሬቱ እጅግ የሚፈልገው ሀብት፣ እጅግ ከሚጎዳው ነገር ጋር ተቀላቅሎ በየገደሉ አፋፍና በየወንዙ ዳር ይከመራል።

የአገሩ አቀማመጥና የአፈሩ ሁኔታ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት እነዚህ ወረዳዎች የጉና ተራራን ተንተርሰው የተዘረጉ ናቸው። የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከተራራው ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ወደ ተከዜ ያመራል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ደግሞ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች አድርጎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ወደ 3,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላዎች መሬቱ በገደል እየተቆረጠ ወደ ጥልቁ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአጭር መንገድ ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ገብስና ድንች ከላይ፣ ስንዴና ባቄላ ከመካከል፣ ጤፍና ማሽላ ከታች ይዘራሉ።

እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ አፈር ከመጀመሪያውም ሳይደላደል የቆመ አፈር ነው። የስዊስ ተወላጅ የሆነው የአፈር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ መጠን በአንድ ሄክታር ላይ ቢነጠፍ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። በአንድ ክረምት የሚጠፋ ሦስት ሚሊ ሜትር አፈር ለዓይን አይታይም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን የእርሻውን ለም ሽፋን ጠርጎ ይወስዳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ደጋግሞ ከሚያጠቃቸው ወረዳዎች መካከል በመቆጠራቸው፣ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ መሆናቸው ይታወቃል። ገበሬው በዚህ ሥራ ተሰማርቶ እርከን ሲሠራና ገደል ሲገድብ የኖረው ይህንኑ አፈር ለማቆየት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይታከላል። ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ ማገዶ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ወደ ማሳ መሄድ የሚገባው እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ገለባውም ለከብት መኖ ይውላል። እንግዲህ ማሳው ከሰጠው ሁሉ የሚመለስለት ነገር ጥቂት ነው። የአፈር ጠበብት የአፈር ብስባሽ ብለው የሚጠሩት፣ ውሃን እንደ ስፖንጅ የሚይዘውና ለሰብሉ የሚያስፈልገውን ምግብ ቀስ በቀስ የሚለቀው ክፍል በየዓመቱ እየሟጠጠ ይሄዳል። ስለ ቤት ጉድፍ የሚደረገው ውይይት ከንጽሕና አልፎ የእንጀራ ጉዳይ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጉድፍ ፍግ በነበረበት ዘመን

በቀድሞው የገበሬ ቤት ውስጥ የማይበሰብስ ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ዕቃው ሸክላ፣ እንጨት፣ ቀንድ፣ ቆዳና ሣር ነው። እንስራው ቢሰበር ወደ አፈርነት ይመለሳል፤ ሰፌዱና መሶቡ ቢያረጁ ይበሰብሳሉ፤ ቁርበቱ ቢቀደድ ውሻ ይበላዋል። እማወራዋ ቤቷን ጠርጋ ጥራጊውን ወደ ጓሮ ስትወስድ ምንም ሳትለይ ብትጥለው ጉዳት አልነበረውም፤ ምክንያቱም የሚለይ ነገር አልነበረም።

ይህ ልማድ በሳይንስ ሚዛን ሲታይ ብልኅነት ያለበት ነው። አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው ኮምጣጣ አፈርን ያለዝባል። የደጋው አፈር በዝናብ ብዛት ማዕድኑ እየታጠበ ኮምጣጣ የመሆን ጠባይ አለው፤ በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ እንደ ሆነ ይገመታል። እበቱና ሽንቱ ናይትሮጅንን፣ ግርዱና ገለባው ካርቦንን፣ አጥንቱ ፎስፈረስን ይሰጣሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተቀላቅለው ሲብላሉ፣ ባለሙያ ቀምሞ ከሚያዘጋጀው ብስባሽ ብዙም የማይለይ ነገር ይወጣል።

የሩቅ አገር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝ ዳርቻ፣ በተፈጥሮው ድኻ በሆነው ቀይና ቢጫ አፈር መካከል እዚህም እዚያም ጥቁርና እጅግ ለም የሆነ አፈር ይገኛል። ተመራማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ ይህ አፈር የጥንት ነዋሪዎች ከሰልን፣ አመድን፣ አጥንትን፣ የሸክላ ስብርባሪንና የቤት ጥራጊን በመንደራቸው ዙሪያ ሲጥሉ የተፈጠረ ነው። ነዋሪዎቹ ካለፉ መቶ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የጉድፋቸው በረከት ግን እስከ ዛሬ ሰብል ያበቅላል። የቤት ጉድፍ አፈርን ሊሠራ መቻሉ በዚህ የተረጋገጠ ነው።

የጉድፉ መለወጥ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ ብሎ የሚጠራው ጎዳና ከተሠራ ወዲህ ሸቀጥ ወደ አካባቢው በብዛት መግባት ጀመረ። ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከመንደርነት ወደ ከተማነት አደጉ። ከሸቀጡ ጋር ዕቃ መያዣው መጣ፤ ፌስታል፣ የውሃና የዘይት ፕላስቲክ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ቆርቆሮ፣ ያረጀ ኮንጎ ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የተቃጠለ አምፑል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የፀረ ተባይ ዕቃ። በገበያ ቀን ማታ የገበያው ሜዳ ምን እንደሚመስል የተመለከተ ሰው ለውጡን በአንድ ጊዜ ይረዳል።

እነዚህ ከተሞች እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ በደንብ የተሠራ የቆሻሻ ማስወገጃ አጥተው የኖሩ ናቸው። ጉድፉ የሚጣለው በልማድ ነው፤ በገደል አፋፍ፣ በወንዝ ዳር፣ በመንገድ ቦይ፣ ከአጥር ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ይደፋል። ቦታው የሚመረጠው ከዓይን ስለሚርቅና ለመድፋት ስለሚመች እንጂ ለአፈሩ ታስቦ አይደለም። የመጀመሪያው የሰኔ ጎርፍ ሲወርድ ገደሉ ይጸዳል፤ ነዋሪውም ቆሻሻው የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ከላይ የታጠበው በታች ባለው ሰው ማሳ ላይ ይተኛል። በበጋ ደግሞ ሥራውን ነፋስ ይቀበለዋል። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ ከከተማዋ የተነሣው ፌስታል በታረሰው ማሳና በእሾኹ አጥር ላይ ተበትኖ ይታያል።

ጉድፉ አፈርን የሚጎዳበት መንገድ

ጉዳቱ በአራት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል።

አንደኛው በአፈሩ አካል ላይ የሚደርሰው ነው። ፌስታልና ላስቲክ አፈር ውስጥ ሲቀበሩ የሚያፈርሳቸው ሕያው ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ መቶ ዓመታት ሊቆዩ እንደሚችሉ ይገመታል። የተቀበረ ፌስታል የዝናብ ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግ ያግደዋል፤ የሰብሉን ሥር ያጣምመዋል፤ አየር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ውሃው ካልሰረገ በላይ በላይ ይፈሳል፤ ሲፈስም አፈር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ፌስታል ለአፈር መታጠብ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል። ማረሻው በየዓመቱ በሚያልፍበት ጊዜ ፕላስቲኩ አይጠፋም፤ እየተቆራረጠ እየደቀቀ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። የጠርሙስ ስባሪውና የዛገው ቆርቆሮ በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ገበሬና በሬውን ያቆስላሉ። በቃርሚያ ላይ የተሰማራ ከብት ጨው የቀመሰ ፌስታል ሲያገኝ ይውጠዋል፤ ፌስታሉ በጨጓራው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ እንስሳው እየከሳ ሄዶ ይሞታል። አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ የዓመት እርሻው እንደ ተጓደለበት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው በአፈሩ ንጥረ ነገር ላይ የሚደርሰው ነው። ክምሩን ሰርስሮ የሚወርደው የዝናብ ውሃ የሟሟውን ሁሉ ይዞ ጥቁር እዥ ሆኖ ይወጣል። በእዡ ውስጥ ጨው፣ አሞንያና ከባድ ብረቶች ይገኛሉ። ከባትሪ ድንጋይ ዚንክና ማንጋኒዝ፣ ካረጀው ዓይነት ደግሞ ሜርኩሪና ካድሚየም ይወጣል፤ ከመኪና ባትሪና ከአሮጌ ቀለም እርሳስ ይወጣል። እነዚህ ብረቶች ከሌላው ጉድፍ የሚለዩበት ዋና ጠባይ አለመበስበሳቸው ነው። የዛሬው በትናንቱ ላይ፣ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። ከዚህም በላይ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነ መጠን ብረቶቹ በቀላሉ እየሟሙ ወደ ሰብሉ ሥር ይገባሉ። የደጋው አፈር ኮምጣጣነትና የባትሪው ድንጋይ ሲገናኙ ጉዳቱ የሚበረታው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው በአፈሩ ሕይወት ላይ የሚደርሰው ነው። ለም አፈር በዓይን በማይታዩ ሕዋሳት፣ በትላትልና በልዩ ልዩ ነፍሳት የተሞላ ነው፤ ጉድፍን ወደ ፍግ የሚለውጡት እነዚሁ ናቸው። የከባድ ብረት መብዛት ሥራቸውን ያዳክማል። በዚያው ልክ የማይፈለጉት ይበዛሉ። ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ጉድፍ የወስፋት እንቁላል ይይዛል፤ እንቁላሉም እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዝንቡ፣ አይጡ፣ ውሻውና ጅቡ ያንኑ ከክምሩ ወደ ቤትና ወደ ማሳ ያመላልሱታል።

አራተኛው ከቃጠሎ የሚመጣው ነው። ክምሩ ሲበዛ እሳት ይለኮስበታል፤ ለጊዜውም ቦታው የጸዳ ይመስላል። እሳቱ ግን ለማሳ ይጠቅም የነበረውን የሚበሰብስ ክፍል አቃጥሎ ያጠፋና፣ ብረቱን በአመዱ ውስጥ ይተወዋል። ከፕላስቲክ ቃጠሎ፣ በተለይም ክሎሪን ካለበት ዓይነት የሚወጣው ጭስ ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ይዞ በዙሪያው ባለው ሣርና አፈር ላይ ይወድቃል።

ዋልካና ገደል

ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲርስ ውሃ ስለማያሳልፍ የቆሻሻ መጣያ ለማድረግ ይመቻል የሚል አሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሰነዘራል። አሳቡ በግማሽ እውነት ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ይዘጋል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። በመጀመሪያዎቹ የዝናብ ቀናት እዡ በዚያ ስንጥቅ አድርጎ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በተዳፋት ላይ ያለው ስስ አፈር ደግሞ ሥሩ የተሰነጣጠቀ ዐለት በመሆኑ እዡ ወዲያው ከምንጭ ውሃ ጋር ሊገናኝ ይችላል። የገደል አፋፍ ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ የሚጣል ጉድፍ ሁሉ ጊዜው ይዘግይ እንጂ ወደ ወንዝ መግባቱ የማይቀር ነው። ከበሽሎ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ የሚወርደው ውሃ ከእነዚህ ደጋዎች አፈርንም ጉድፍንም ይዞ ይጓዛል።

አሳሳቹ ለምነት

ከሁሉ ይልቅ ባለሙያው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር የሚከተለው ነው። በአንድ አሮጌ የቆሻሻ መጣያ ላይ ያለውን አፈር ወስዶ የሚመረምር ሰው፣ ብስባሹና ፎስፈረሱ በዙሪያው ካለው ማሳ በልጦ፣ ኮምጣጣነቱም በአመዱ ምክንያት ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል። ዓይን እንኳ ይህን ይመሰክራል፤ በክምሩ ዳር የበቀለው ጎመንና ዱባ ቅጠሉ ሰፊ፣ መልኩ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ገበሬውም ይህን አይቶ የክምሩን አፈር በከረጢት ተሸክሞ ወደ ጓሮው ይወስዳል። አባቱ ሲያደርገው የኖረውን በማድረጉ ሊነቀፍ አይገባውም።

ነገር ግን ሰብሉን ያፋፋው ያው አፈር እርሳስንና ካድሚየምንም ሊይዝ ይችላል። ካድሚየም ተክሉን ሳያጠወልግ ወደ ቅጠሉ ሊወጣ የሚችል ብረት ነው፤ እንደ ጎመንና ሰላጣ ያሉት ባለ ቅጠል አትክልቶች ደግሞ ከሌላው ሰብል ይልቅ ይሰበስቡታል። እርሳሱ በአብዛኛው በአፈሩ ላይ የሚቀር ሲሆን፣ ሳይታጠብ በሚበላ አትክልትና በአፈር በሚጫወት ሕፃን እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ የሚጎዳውም ከሁሉ በፊት የሕፃናትን አእምሮ ነው። ስለዚህ የአፈር ምርመራ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ብቻ ተወስኖ «ይህ አፈር ለም ነው» የሚል ምስክር ወረቀት ቢሰጥ፣ ምስክርነቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውን ያሳስታል።

ይህ ከልክ ያለፈ ስጋት ነው የሚል ካለ የጃፓንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ አካባቢ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም በመስኖ ውሃ አድርጎ የሩዝ ማሳዎችን በከለ። ሩዙ መብቀሉን፣ ገበሬውም መብላቱን አላቋረጠም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን አጥንትን የሚያለሰልስና የሚሰባብር፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የሚያሠቃይ በሽታ ታየ። የአገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 የበሽታው ምክንያት ካድሚየም መሆኑን በይፋ ተቀበለ። የተበከለውን የማሳ አፈር የማደሱ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ ወስዷል። በእርግጥ የማዕድን ማውጫና የአንድ ትንሽ ከተማ ጉድፍ በመጠን አይወዳደሩም። ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት አፈር የተቀበለውን ብረት በቀላሉ የማይመልስ መሆኑ ነው።

የቆሼ ትምህርትና የሕጉ ቃል

በኢትዮጵያ ውስጥ ጉድፍን ክፍት ቦታ ላይ መከመር ወዴት እንደሚያደርስ ያሳየው ከሁሉ የከፋው ምሳሌ በአዲስ አበባ ረጲ የሚገኘው፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ስፍራ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። የጋይንትና የእስቴ ከተሞች ክምር ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ቆሼም ሲጀመር ከከተማ ዳር የሚገኝ አንድ ክፍት ቦታ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው።

ሕጉ ዝም ያለ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ ተመልሶ አገልግሎት የሚሰጠውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ፌስታል እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የሕጉ ቃል ከነፋስ መውጫ ገበያ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ግን በሕጉ አልተጻፈም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢውን የጎበኙት ጦርነትና ግጭት የማዘጋጃ ቤቶችን አቅም የበለጠ አጥብበውታል። በመሆኑም መኪናና ትልቅ በጀት እስኪገኝ የሚጠብቅ አሳብ አፈሩን አያድነውም፤ ሥራው በእጅ ካለው መጀመር ይኖርበታል።

ሊደረግ የሚገባው

የመጀመሪያው እርምጃ በእማወራዋና በአባወራው ደጅ የሚፈጸም ነው፤ ጉድፍን ከሦስት መለየት። የሚበሰብሰው ለብቻ፣ አመዱ ለብቻ፣ የማይበሰብሰው ለብቻ። ከእነዚህም ከሁሉ በፊት የባትሪ ድንጋይ፣ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ዕቃ ከጓሮ መራቅ አለባቸው። አንድ ቤተሰብ ሌላውን ሁሉ መለየት ቢያቅተው እንኳ፣ እነዚህን ብቻ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሞ ቢያስቀምጥ ከመርዙ የበለጠውን ክፍል ከአፈሩ ያርቃል።

ሁለተኛው የሚበሰብሰውን ወደ ማሳ መመለስ ነው። ጥቅሙን በሒሳብ ለመገመት፣ 20,000 ሕዝብ ያለባት አንዲት ከተማ ለምሳሌ ትወሰድ። እያንዳንዱ ሰው በቀን 300 ግራም ጉድፍ ቢጥል በቀን 6 ቶን፣ በዓመት 2,190 ቶን ይሆናል። ከዚህ 60 በመቶው የሚበሰብስ ቢሆን 1,314 ቶን፣ ሲብላላም ክብደቱ በግማሽ ቢቀንስ 657 ቶን ብስባሽ ይገኛል። ለአንድ ሄክታር 5 ቶን ቢታደል 131 ሄክታር መሬት ይሸፍናል። የአንድ ገበሬ ይዞታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ በሆነበት አገር፣ ይህ ከመቶ በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚተርፍ ፍግ ነው። ይኸው ዛሬ ወደ ገደል ይጣላል።

ብስባሽ የማዘጋጀቱ ዘዴ አዲስ አይደለም። የዘላቂ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በሠራው ሥራ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ እንዳሳዩት፣ ብስባሽ የተደረገበት ማሳ ዘመናዊ ማዳበሪያ ከተደረገበት የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጥቷል። ደረቁ ገለባና ቅጠል ከእርጥቡ እበትና አረም ጋር ሲቀላቀል፣ የካርቦኑ ድርሻ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ቢሆን መብላላቱ ይፈጥናል። የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረሙ ዘርና የወስፋቱ እንቁላል ይሞታሉ። ለደጋው አገር ግን አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ብርዱ የሕዋሳቱን ሥራ ስለሚያዘገየው በቆላ በሦስትና በአራት ወር የሚደርሰው ብስባሽ በደጋ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። በበጋ በጉድጓድ አዘጋጅቶ በሣርና በአፈር መክደን እርጥበቱንም ሙቀቱንም ይጠብቃል፤ በክረምት ግን ጉድጓዱ ውሃ ስለሚሞላ ከመሬት በላይ መከመሩ ይመረጣል።

ሦስተኛው የከተማው ድርሻ ነው። ለማይበሰብሰው ጉድፍ ከገደል፣ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ ጎርፍ የማያቋርጠው፣ ዙሪያው በቦይና በአጥር የተከለለ ቦታ ሊመረጥ ይገባል። በየጊዜውም አፈር ሊለብስ፣ እሳት እንዳይለኮስበት ሊጠበቅ ያስፈልጋል። በተዘጉ አሮጌ መጣያዎች ላይ ጎመንና ድንች መትከል፣ ከብትም ማሰማራት ተገቢ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቦታ ለአጣና ለማገዶ በሚሆን ዛፍ ቢሸፈን ይሻላል።

አራተኛው የዚህ ማኅበር አባላት ድርሻ ነው። የእርሻ ባለሙያው ስለ ብስባሽ ሲያስተምር ምን መጨመር እንዳለበት እንደሚናገረው ሁሉ፣ ምን መግባት እንደሌለበትም አጥብቆ ሊናገር ይገባዋል። የአፈር መርማሪው ከከተማ አጠገብ የተወሰደን ናሙና ሲቀበል ከለምነቱ ጋር እርሳሱንና ካድሚየሙንም ሊመረምር ይገባዋል። የጤና ባለሙያው የጤና ጣቢያው መርፌና ብልቃጥ ከመንደሩ ክምር እንዳይቀላቀል የመጀመሪያው ጠባቂ ሊሆን ይገባዋል። መሐንዲሱ መጣያ ቦታ ሲመርጥ የአፈሩን ጠባይ የሚያውቀውን ባልደረባውን ሳይጠይቅ ሊወስን አይገባውም። እነዚህ አራት ሰዎች ዛሬ በየቢሯቸው ተለያይተው ይሠራሉ፤ የሚሠሩበት አፈር ግን አንድ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር መታወስ ይኖርበታል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ እርከን እየሠራ በጎርፍ የሚሄደውን አፈር ለማስቀረት የደከመ ሰው ነው። እርከን ያስቀረው አፈር ግን ብስባሽ ከሌለው አያጠግብም፤ መርዝ ካለው ደግሞ ባይቀር ይሻል ነበር ያሰኛል። ለማሳው የጎደለው ምግብ ከከተማው ደጅ በየማለዳው እየተጠረገ ይወጣል። ባትሪውንና ፌስታሉን ከውስጡ ለቅሞ ይህንን ጥራጊ ወደ ማሳው መመለስ የሚችል እጅ በየቤቱ አለ፤ የባለሙያው ሥራ ለዚያ እጅ ምን ለይቶ የት እንደሚጥል ማሳየት ነው።